ብዙ አፈሙዝ፣ አንድ ትከሻ

ብዙ አፈሙዝ ያላቸው የእግረኛ መሣሪያዎች ከሙከራ ያላለፉት ትከሻን በሚመታው ኃይላቸው ምክንያት እንደሆነ ደጋግሞ ይነገራል። አባባሉ ከፊል እውነት ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ ጄምስ ዊልሰን ነድፎት ሄንሪ ኖክ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሠራው ባለ 7 አፈሙዝ ጠመንጃ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ ሰባቱንም በአንድነት ይተኩስ ስለነበር የተኳሹን ትከሻ ክፉኛ ይጎዳ ነበር፤ ነበልባሉም ለመርከቡ ሸራና ገመድ ያሰጋ ነበር። ይሁንና ምቱን ባሩድ በመቀነስ ማለዘብ ይቻላል። መላ ያልተገኘለት ማጉረሱ ነው፤ ባሩድና እርሳስ በአፈሙዝ በኩል በሚገባበት ዘመን ለአንድ ተኩስ ሰባት ጊዜ ማጉረስ ግድ ነበር። በዚያው ጊዜ ተራ ጠመንጃ የያዘ ወታደር ደጋግሞ ይተኩሳል፤ ያውም እያንዳንዱን አልሞ። ስለዚህ የእነዚህን መሣሪያዎች ጥቅም በተኩስ ብዛት ብቻ መመዘን ያሳስታል፤ ወታደሩ የሚሸከመው ጥይትና ለማጉረስ የሚያጠፋው ጊዜ አብረው ሊመዘኑ ይገባል።

ቀለህና ካዝና ከመጡ በኋላም ችግሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ሬቬሊ የነደፈው የ1915ቱ የጣልያን ቪላር ፔሮሳ ሁለት አፈሙዝና ባለ 25 ጥይት ሁለት ካዝናዎች ነበሩት። እያንዳንዱ አፈሙዝ በደቂቃ ከ1,200 በላይ ጥይት በሚተፋበት ፍጥነት ካዝናው ከአንድ ሰከንድ ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ባዶ ይቀራል። መሣሪያው መጀመሪያ ለታሰበለት አውሮፕላን፣ ዒላማው ለቅጽበት ብቻ በሚታይበት የአየር ፍልሚያ፣ ይህ ትርጉም አለው። ጥይቱን በጀርባው አዝሎ የአልፕስን ተራራ ለሚወጣ እግረኛ ግን ሸክም ነው። በ1918 ጣልያኖች ራሳቸው መንትያውን ለያይተው አንዱን አፈሙዝ በእንጨት ሰደፍ ላይ አሰሩት፤ ቤሬታ ሞዴል 1918 የተባለው ይህ ነው።