አያት የጻፉትን ደብዳቤ የሚከፍተው አሮጌ ሲዲ

 

በሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ የከተማው ምክር ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. «ሊትል ኢትዮጵያ» የሚል ስም የሰጠው ሰፈር አለ። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ የአማርኛ ሙዚቃና ፊልም የሚያገኘው በሲዲና በዲቪዲ ነበር። በአንዳንድ ቤት መሳቢያ ውስጥ ግን ሌላ ዲስክም አለ፤ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ያለበት።

ድሮ ኮምፒውተር ፊደላችንን አያውቅም ነበር። አማርኛ ለመጻፍ እንደ ፓወር ግዕዝ ወይም ቪዥዋል ግዕዝ ያለ ሶፍትዌር መጫን ያስፈልግ ነበር። የያኔው ሶፍትዌር ፊደላችንን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ስለዚህ አያታችሁ ያኔ በኮምፒውተር የጻፉትን ደብዳቤ ዛሬ ብትከፍቱት የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ልታዩ ትችላላችሁ። ደብዳቤውን ለማንበብ የድሮው ፎንት ያስፈልጋል። ፎንቱ ያለው ደግሞ ዲስኩ ውስጥ ነው።

ኮምፒውተራችሁ ዲስኩን አላነብም ቢልስ? እንዲህ ሞክሩ።

1. ዲስኩን አጽዱ። የጣት አሻራ ወይም አቧራ ካለው፣ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር በቀጥታ ጥረጉት። ዙሪያውን እያዞራችሁ አትጥረጉ።

2. ዓይነቱን እዩ። ሲዲና ዲቪዲ መልካቸው አንድ ነው። ሲዲ 700 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ዲቪዲ ግን 4.7 ጊጋባይት። በዲቪዲ ላይ ያለው ጽሑፍ በጣም ደቃቅ ስለሆነ የሲዲ ማንበቢያ አይችለውም። የዲቪዲ ማንበቢያ ግን ሁለቱንም ያነባል።

3. ሌላ ማንበቢያ ፈልጉ። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ተዋሱ፤ ወይም የአጎታችሁን አሮጌ ኮምፒውተር ጠይቁ።

4. ሁሉንም ገልብጡ። በዲስኩ ላይ ያለውን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ ወደ እናንተ ኮምፒውተር ውሰዱት። አንድ ፋይል ብቻ ብትወስዱ ሶፍትዌሩ ሌሎቹን ፈልጎ ስለሚያጣ ላይጫን ይችላል።

5. ፎንቱን ፈልጉ። አሮጌው ሶፍትዌር በአዲስ ኮምፒውተር ላይ አልሠራም ቢል ተስፋ አትቁረጡ። ስማቸው በቲቲኤፍ የሚያልቅ ፋይሎችን ፈልጉና ጫኗቸው። ካላገኛችኋቸው ሶፍትዌሩን በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ከፎንት ፎልደሩ ውሰዷቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ክፈቱና ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ቀይሩ። ፎንቶቹ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ ሞክሩ።

ፊደሉ በትክክል ሲታይ ደብዳቤውን ወዲያው በፒዲኤፍ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ያለ ፎንቱም ይነበባል።

ዛሬ አማርኛ ለመጻፍ ዲስክ አያስፈልግም። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ስልካችሁም ያውቀዋል። እንግዲያው ደብዳቤውን ከአያታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ቃል ጠይቋቸው። ከዚያ በራሳችሁ እጅ በስልካችሁ እንደገና ጻፉት።

የሳምንቱ ቃላት
መሳቢያ፦ ከጠረጴዛ ወይም ከቁም ሳጥን እየተሳበ የሚከፈት የዕቃ ማስቀመጫ
የተዘበራረቀ፦ ሥርዓት የሌለው፣ የተደባለቀ
ደቃቅ፦ በጣም ትንሽ
ተዋሰ፦ ሊመልስ ወሰደ
ገለበጠ፦ አንዱን አይቶ ሌላ ተመሳሳይ አደረገ፤ ሌላው ትርጉሙ «የላዩን ወደ ታች አደረገ» ነው