ማን «ተዳዳሪ» አላቸው?

ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት ይባላል። ቤት የሌለው ሰውስ ስሙ ከወዴት ይወጣል? ከእኛ ከጎረቤቶቹ ነዋ! ድሮ «በረንዳ አዳሪ» እንላቸው ነበር። ስሙ ባያምርም አይዋሽም፤ የት እንደሚያድሩ ይናገራል። ኋላ ጆሯችንን ሲቆረቁረን «የጎዳና ተዳዳሪ» አልናቸው። መተዳደር እኮ በአንድ ነገር ኑሮን መግፋት ነው፤ ገበሬ በእርሻው፣ ነጋዴ በንግዱ ይተዳደራል። ጎዳና ላይ ምን ተዘርቶ ምን ይታጨዳል? ማደሪያ ማጣትን መተዳደሪያ ብለን ሰየምንና እፎይ አልን። በ1996 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 384 «አደገኛ ቦዘኔ» የሚል ስም ይዞ መጣ። ሕጉ በረንዳ የሚያድረውን ሁሉ ቦዘኔ ነው ባይልም፣ ቤትም ቋሚ ሥራም የሌለው ጎልማሳ ከዚያ ስም ብዙ ርቆ አይተኛም።

ለገሐር አካባቢ በማለዳ በማልፍበት በረንዳ ላይ አንዲት እናት ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ታድራለች። ጎህ ሳይቀድ ካርቶኑን አጥፋ፣ ላስቲኩን ጠቅልላ፣ ልጆቹን ቀስቅሳ መነሣት አለባት፤ አለዚያ የሱቁ ዘበኛ በረንዳ ላጥብ ብሎ ውሃ ይደፋባቸዋል። ባሏ ሕንፃ ወደሚሠራበት ሄዶ የቀን ሥራ ከሚጠብቁት ጋር ይቆማል። እሷ ትንሹን አዝላ የተጣለ ሀይላንድ እየለቀመች ለቆራሌው ትሸጣለች። ማታ ከምግብ ቤት የተረፈ ቡሌ ገዝተው ይበላሉ። አዎን፣ ገዝተው! ትርፍራፊም በዚህ ከተማ ዋጋ አለው። ዝናብ ባየለበት ሌሊት ልጆቹ ይተኛሉ፤ ወላጆቹ ላስቲኩን በእጃቸው ወጥረው ያነጋሉ። ለመሆኑ ከዚህ ውስጥ ቦዘኔው የቱ ነው?

«ለምን ትንሽ ክፍል አትከራዩም?» አልኳት አንድ ቀን። የሞኝ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ የሦስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ይሉናል። እሱን እንኳ ብንችል ልጅ ላለው አናከራይም ይላሉ» አለችኝ። «ትልቁን ልጄን ትምህርት ቤት ላስገባው ብሄድ መታወቂያ አምጪ አሉኝ። መታወቂያ ለማውጣት ስሄድ ደግሞ የቤት ቁጥርሽ ስንት ነው አሉኝ።»

አንባቢዬ ይህን ቀለበት ልብ ይበሉልኝ። ቤት ለማግኘት መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማግኘት ቤት! በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ስንመዘገብ እኛ መታወቂያችንን ይዘን ተሰለፍን፤ እጣው ባይደርሰን እንኳ እጣ ውስጥ ገባን። እነሱ ግን ከሰልፉ ጭራ እንኳ ቦታ አልነበራቸውም። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ባለይዞታው ስለ ካሣ፣ የቀበሌ ቤት ተከራዩ ስለ ምትክ ቤት ተነጋገረ። ከበረንዳው ሥር ያድር የነበረውስ? ለፈረሰ በረንዳ ምትክ አይጠየቅም።

«ከገጠር ፈልሰው የመጡ ናቸው፤ ወደመጡበት ይመለሱ» የሚሉ አሉ። ከድርቅ፣ ከመሬት እጦት፣ ከጦርነት የሸሸውን ሰው አውቶቡስ ላይ ቢያሳፍሩት የሸሸው ነገር መድረሻው ላይ ይጠብቀዋል። ጎዳና ላይ የተወለደው ልጅስ ወዴት ይመለስ? እንግዳ ይመጣል በተባለ ቁጥር አባትን በአንድ መኪና፣ እናትና ልጆችን በሌላ መኪና ጭኖ መውሰድም ከተማ ማጽዳት አይደለም፤ ቤተሰብ መበተን ነው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ቤተሰብ የኅብረተሰብ መሠረት መሆኑን፣ ከኅብረተሰቡና ከመንግሥትም ጥበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ግድግዳና ጣሪያ ላለው ብቻ የሚል ቃል ጨርሶ የለበትም። ስለዚህ የምጠይቀው ተአምር አይደለም። የሚያድሩበት ወረዳ የቤት ቁጥር ሳይጠይቅ ነዋሪዬ ናቸው ብሎ ይመዝግባቸው፤ ልጆቹ በዚያው ምዝገባ ትምህርት ቤት ይግቡ፤ መጠለያ ሲሰጥም ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው የሚያድሩበት ይሁን።

እኛ ጎረቤቶቹ ደግሞ ቢያንስ ስሙን እናርም። ቤተሰብ ማለት ቤተ ሰብ፣ የሰው ቤት ማለት ነው። ያቺ እናት ላስቲክ ወጥራ ስታነጋ ሰብ የተባለውን ይዛ ቆይታለች። የጎደለው ቤቱ ነው፤ እሱን ደግሞ ብቻዋን ልትሠራው አትችልም።