የቅርቡን ዩኒቨርሲቲ ማን ናቀው?

የ12ኛ ክፍል ውጤት ተለቆ የምርጫ ቅጽ መሙላት ሲጀመር፣ በደቡብ ወሎ፣ በአቀስታና በአካባቢው ማለፊያ ያመጣ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳርን ወይም ሐዋሳን ከላይ ይደረድራል። ቱሉ አውሊያና መካነ ሰላም ላይ ግቢ ያለው መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግን «ሌላው ከጠፋ» ተብሎ ከታች ይሰካል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይኸው ነው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 ደግሞ 3.2 ብቻ ነበር። ይህን ወንፊት አልፎ የመጣ ልጅ የመምረጥ መብቱን አግኝቷል፤ ምርጫው ግን በስም ሳይሆን በስሌት ሊሆን ይገባል። የሚፈልገው የትምህርት ክፍል ቅርብ ካለ፣ ቅርቡን ቢያስቀድም ይጠቀማል ባይ ነኝ።

ከኪስ እንነሳ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነፃ ነው ይባላል እንጂ አይደለም። ከ1996 የትምህርት ዘመን ጀምሮ የተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ሥራ ሲይዝ እንዲከፍል ያስገድዳል። ይህ ዕዳ ሩቅ ለሄደውም ቅርብ ለቀረውም አለ። ቤተሰብን የሚያጎብጠው ውሉ ላይ የማይጻፈው ነው፤ የመኪናው፣ የፎቶ ኮፒው፣ የሞባይል ካርዱ፣ የካፌው ምግብ አልስማማ ሲል የሚላከው። የአቀስታው ወረዳ ለጋምቦ በልግ የሚጠብቅ ደጋ ነው፤ በልጉ ሲቀር ገብሱ ይቀራል፣ የልጁ መሳፈሪያም ከበረቱ በግ ይወጣል። ቱሉ አውሊያ ላለ ልጅ በሶና ዳቦ ቆሎው በመንገደኛ እጅ ይደርሰዋል፤ ቢታመም እናቱ ሳታድር ትደርስለታለች። ሩቅ ላለው ግን ይህ ሁሉ በብር ይተካል። በአራት ዓመት ውስጥ ከታናናሾቹ የደብተርና የዩኒፎርም ገንዘብ ምን ያህሉ እንደሚነካ ቤተሰቡ ያውቀዋል።

«ስም ያለው ዩኒቨርሲቲ ሥራ ያስገኛል» የሚለው መከራከሪያ ዱሮ ሚዛን ይደፋ ነበር። ከ2015 ወዲህ ግን በአንድ የትምህርት ክፍል ያለ ተመራቂ ሁሉ፣ ከየትም ይምጣ ከየት፣ አንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። በዚያው ዓመት ሐምሌ በተሰጠው የመጀመሪያ ፈተና ከ150 ሺህ ተፈታኞች ያለፉት 40.65 በመቶ ናቸው። ለየብቻ ሲታይ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ገደማ፣ ከግሎቹ ደግሞ 17 በመቶ ገደማ አለፉ። ልዩነቱ የተማሪው አገባብም ያመጣው ነው፤ ሁሉም ጥፋት የኮሌጆቹ አይደለም። ያም ሆኖ በግ ሸጦ፣ ተበድሮ ልጁን ከተማ ላለ የግል ኮሌጅ ለሚከፍል ቤተሰብ ነገሩ ግልጽ ነው፦ ብዙ ስለተከፈለ ውጤት አይገዛም። እርግጥ አዲስ አበባን፣ ጎንደርንና ጅማን የመሳሰሉት የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ዘመን የጠገበ ቤተ ሙከራ፣ የማስተማሪያ ሆስፒታልና አንጋፋ መምህራን አሏቸው። ሕልሙ ይህን የሚጠይቅ፣ የሚሻው ትምህርትም ቅርብ የሌለ ልጅ ይሂድ፤ ቤተሰቡም ቢቸገር ይቸገርለት። ሙግቴ፣ ሁለቱም ዘንድ ያለ ትምህርት ለመማር ርቆ ከሚሄደው ጋር ነው።

«ልጅ አገሩን ማወቅ አለበት» የሚሉም አሉ፤ እውነት አላቸው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ የነበረውም አንድም ለዚህ ነበር። ነገር ግን ምደባው አገር አቀፍ ስለሆነ የሌላ ክልል ልጅ የመቅደላ አምባም ዶርም ውስጥ ይገኛል። የመንገዱ ስጋትም አለ። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ፣ በ2016 ሰኔ መጨረሻ ደግሞ ከደባርቅ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ገርበ ጉራቻ አካባቢ የታገቱት ተማሪዎች ከወላጅ ልብ አልወጡም። ከ2015 ነሐሴ ወዲህ የአማራ ክልል መንገድም ሰላም አልከረመምና ቅርብ መሆን ዋስትና ነው አልልም። የአጭር መንገድ ስጋት ግን ከረጅሙ ያንሳል፤ ሲከፋም በእግር ቤት መግባት ይቻላል።

ጠንካራው ተቃውሞ መቅደላ አምባ ገና ወጣት ነው የሚለው ነው። ጎበዙ ሁሉ እየሸሸው መቼም አያረጅም ብሎ መመለስ ይቀላል፤ ሆኖም ተቋም እንዲያድግ ልጅን መሥዋዕት አድርጉ ማለት ነውር ነው። እምነት በማስረጃ ይመጣል። ስለዚህ መቅደላ አምባ የየትምህርት ክፍሉን የመውጫ ፈተና ውጤት፣ የመምህራኑን ብዛትና ደረጃ፣ የሚሠራ ቤተ ሙከራ ያለውንና የሌለውን ለይቶ፣ ቅጹ ከመሞላቱ በፊት በአቀስታ፣ በጊምባና በመካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይለጥፍ። ደካማ የሆነበትንም አይደብቅ። ወላጅ ያንን አይቶ ሌላ ቦታ ከመረጠ መብቱ ነው፤ ሳያይ የናቀ ግን የልጁን ዕድል በወሬ ወስኗል።