«ቲቸር፣ ለምን አባዛኸው? ደምረው እንጂ!»

የዛሬው ረዘም ይላል፤ በዚህ በድሬ ሙቀት ቀዝቃዛ ውሃ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው በዕረፍት ሰዓት ነው። ሁለት ተማሪዎቼ አሉ፤ አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ሙስሊም። አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ምሳቸውንም አብረው ነው የሚበሉት። ሙስሊሙ ልጅ «እናንተ ግን ሦስት አምላክ ነው እንዴ የምታመልኩት?» ብሎ ጠየቀው። እንደገባኝ ሊሳደብ አልፈለገም፤ የምሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። ክርስቲያኑ ግን ፊቱ ተለዋወጠና «ሃይማኖቴን አትንካ!» ብሎ ኮሌታውን ያዘው። ሮጬ ደርሼ ገላገልኳቸው።

ትንሽ ሲረጋጉ ክርስቲያኑን «እሺ፣ መልሱ ምንድነው?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እንደዚህ ተብሎ አይጠየቅማ» አለኝ። ያኛው ወደ እኔ ዞረና «ቲቸር፣ አንተ የሒሳብ አስተማሪ ነህ፣ አንተ ንገረን» አለ። (ድሬ ላይ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁ።) እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቾክ አንስቼ 1 × 1 × 1 = 1 ብዬ ጻፍኩ። ልጁ አንዴ ሰሌዳውን፣ አንዴ እኔን አየና «ቲቸር፣ ለምን አባዛኸው? ደምረው እንጂ!» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ጠፋ። ልጁ ልክ ነው፤ የጻፍኩት ጨዋታ እንጂ መልስ አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳስቀድስ ኖሬአለሁ፤ ጸሎተ ሃይማኖትን እንቅልፌን እየታገልኩም በቃሌ እወጣዋለሁ። ምን እያልኩ እንደሆነ ግን አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሲጠይቀኝ ማስረዳት አቃተኝ። ያ ኮሌታ የያዘው ልጅና እኔ ልዩነታችን፣ እሱ በቁጣ አመለጠ፣ እኔ በቀልድ አመለጥኩ።

ሃሳቤ ይሄ ነው፦ የማናውቀውን እምነት ነው በጡጫ የምንጠብቀው። የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ አይደነግጥም፤ ካልደነገጠ ደግሞ አይቆጣም። ሐዋርያው ጴጥሮስም ስለ ተስፋችሁ ለሚጠይቃችሁ መልስ ይኑራችሁ፣ ግን በየዋህነት ይሁን ብሎ መክሮናል። እኛ መልሱንም የዋህነቱንም ጥለን ቁጣውን ብቻ ይዘን ቀረን።

ክፍል ውስጥ ሃይማኖት አላስተምርም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል፤ ለእንደኛ ዓይነቷ ከተማ ደግሞ ይሄ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ለዚህ ነው በራሴ ገጽ ላይ የምጽፈው። የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም፣ ዲፕሎማ ያለኝ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ከተሳሳትኩ ሊቃውንቱ ያርሙኝ።

መጀመሪያ የልጁ ጥያቄ። ለተማሪዎቼ ሁሌ የምላቸውን ለራሴ ረስቼው ነበር፦ «ስንት?» ከማለትህ በፊት «የምን?» በል። ሦስት ሜትርና አንድ ኪሎ አይጋጩም፤ የሚለኩት የተለያየ ነገር ነውና። ክርስትና ሦስት አማልክት ናቸው አላለም፤ ቢል ኖሮ ልጁ ያስደመረን ትክክል ይሆን ነበር። በአካል ሦስት፣ በመለኮት አንድ ነው የሚለው። አብ፣ ወልድ፣ መንፈስ ቅዱስ ስንል ሦስትነቱ የአካል፣ የስምና የግብር ነው፤ አምላክነቱ፣ ፈቃዱ፣ ሥልጣኑ አንድ ነው። አባቶቻችን በፀሐይ ይመስሉታል፤ ክበቧ፣ ብርሃኗና ሙቀቷ፣ ፀሐይዋ ግን አንድ ናት። ድሬ ለሚኖር ሰው ይሄ ምሳሌ ማብራሪያ አያስፈልገውም! ምሳሌ ግን ምሳሌ ነው፤ እግዚአብሔርን ልክክ አድርጎ አይገልጸውም። ምሥጢር የተባለውም ለዚህ ነው።

ይሄ ምሥጢረ ሥላሴ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን የእምነቷን መሠረት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ብላ ነው የምታስተምረው። አዕማድ ማለት ምሰሶዎች ማለት ነው። ሌሎቹ ሥጋዌ፣ ጥምቀት፣ ቁርባንና ትንሣኤ ሙታን ናቸው።

ምሥጢረ ሥጋዌ አምላክ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ሰው አምላክ ሆነ ማለት አይደለም። ትልቁ ክርክር እዚህ ላይ ነበር። አርዮስ የሚባል የእስክንድርያ ቄስ ወልድ ፍጡር ነው ብሎ አስተማረ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 አባቶች ኒቅያ ላይ ተሰብስበው ወልድ አልተፈጠረም፣ ከአብ ጋር በመለኮት አንድ ነው ብለው ወሰኑ። በትውፊት 318ቱ ሊቃውንት የምንላቸው እነሱ ናቸው። ስለ መንፈስ ቅዱስ ያለው ክፍል በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ ተሟላ። በየቅዳሴው የምንለው ጸሎተ ሃይማኖት ከእነዚህ ጉባኤዎች የመጣ ነው። ካቶሊኮችም መካነ ኢየሱሶችም ይቀበሉታል፤ በሌላ በሌላው ብንለያይም እዚህ ጋ እንገናኛለን።

ከኛም ሩቅ አይደለም። ኒቅያ ላይ በዲያቆንነት የተገኘው አትናቴዎስ በኋላ የእስክንድርያ ፓትርያርክ ሆነ፤ ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ የሾመልን እሱ ነው።

«ፍጡር ነው አይደለም የሚለው ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። በ1998 ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ጊዜ እኔ ልጅ ነበርኩ። ጎርፍ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሌላ ሰው «አንተ ግባና አውጣው» ብሎ መላክ አለ፣ ራስ ገብቶ ማውጣት አለ። አርዮስ እንዳለው ቢሆን እግዚአብሔር ሌላ ፍጡር ልኮ አሠቃየ ማለት ነው። የኛ እምነት ግን ራሱ ገባ ይላል። የክርስትና ልብ ይሄ ነው ለእኔ።

የቀሩት ሦስቱ ከዚህ ይከተላሉ። በጥምቀት ከእሱ ጋር ሞተን እንነሣለን፣ የእግዚአብሔር ልጆች እንሆናለን። በቁርባን ሥጋውንና ደሙን ተቀብለን ከእሱ ጋር አንድ እንሆናለን። ትንሣኤ ሙታን ደግሞ የሞትነው በሥጋም ጭምር እንነሣለን የሚል ነው፤ ነፍስ ብቻዋን ወደ ላይ ሄዳ በዚያው ቀረች አይልም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ቂያማ ብለው የሙታንን መነሣት ይጠብቃሉ፤ ጎረቤታሞች ለቅሶ ላይ የምንጽናናው ያለምክንያት አይደለም።

አሁን ወደራሳችን። በታኅሣሥ 19 ደንገጎን ወጥተን ወደ ቀኝ ታጥፈን ቁልቢ ስንሄድ የመኪናው ሰልፍ አያልቅም። ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከውጭ አገር ይመጣል። ስለት ማግባት እናውቅበታለን፤ እኔም አግብቻለሁ፣ ነውር የለውም። ግን ያ የምንወደው መልአክ ለእመቤታችን ያበሠራት ዜና ምን እንደነበር፣ አምላክ ሰው የመሆኑን ነገር፣ ስንቶቻችን ለልጆቻችን ማስረዳት እንችላለን? ልጆቻችን ጃንጥላውንና ሻማውን ያያሉ፣ ትርጉሙን የሚነግራቸው የለም። ከዚያ ዕረፍት ሰዓት ላይ ይጠየቃሉ። ከዚያ ኮሌታ ይያዛል። በአዋቂ ደረጃ ሲሆን ደግሞ ከኮሌታ እንደሚያልፍ ለእናንተ መንገር አይጠበቅብኝም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ሰንበት ትምህርት ቤት ላኩ፤ ከመዝሙሩ ጋር አምስቱን ምሥጢር ተምረው እንደሆነም ጠይቋቸው። ካህናት አባቶቼ፣ ልጅ ሲጠይቅ «አትመራመር» አትበሉት፤ ዛሬ እናንተ ካልመለሳችሁለት ቲክቶክ ይመልስለታል።

ሁለቱ ልጆች ምን ሆኑ? ከሳምንት በኋላ ከትምህርት ቤት ውጭ አገኘኋቸውና «የምን?» የሚለውን ነገርኳቸው። ሙስሊሙ ልጅ ትንሽ አሰበና «አቦ ቲቸር፣ እኔ አልቀበለውም። ግን ሦስት አምላክ እንዳላላችሁ ገባኝ» አለ። እኔ ከዚህ በላይ አልፈለግኩም። ክርስቲያኑ ደግሞ «ይሄን ባውቅ ኖሮ አልያዘውም ነበር» አለኝ። ያችን ቃል እስካሁን አልረሳኋትም።

ኮመንት ላይ መጠየቅ ይቻላል፣ መቃወምም ይቻላል። ስድብ ግን አጠፋለሁ፣ ከየትኛውም ወገን ቢሆን። መልካም ሰንበት።