6,133ኛው ማን ነበር?

ፕሮፌሰር ገብሩ ታረቀ ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት ከኢትዮጵያ ወገን የሞቱትን 6,133 ይሏቸዋል። ይህን ቁጥር ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው በመጨረሻዋ ሦስት ላይ ነው። «ስድስት ሺህ ገደማ» ቢባል ኖሮ ግምት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ስድስት ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት ግን የግምት ቁጥር አይመስልም። አንድ ጸሐፊ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ከየክፍሉ የደረሰውን ዝርዝር ሲደምር ነው እንዲህ ያለ ቁጥር የሚወጣው። ታዲያ ድምሩ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ ለመጽሔት ሲበቃ፣ ስሞቹ የት ቀሩ?

ጥያቄው የኔ ብቻ አይደለም። የማውቃት አንዲት የጅጅጋ ልጅ አለች። የእናቷ አባት መድፈኛ ነበሩ፤ «አንበሳው» በሚባለው በሐረሩ 3ኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከጦርነቱ በፊት የተቀጠሩ። ከእሳቸው የቀራት አንድ ፎቶግራፍ ነው። ከአንድ አሜሪካ ሠራሽ 105 ሚሊ ሜትር መድፍ አጠገብ ቆመዋል፤ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ሐረር፣ 1968» ይላል። ከ1970 ክረምት ወዲህ ወሬያቸውን የሰማ የለም። የአባቷ አባት ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በዚያው በካራማራ ግርጌ፣ ከምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር ጋር ነበሩ። አዎ፣ ሁለቱ አያቶች ተታኩሰው ሊሆን ይችላል። ልጆቻቸው ኋላ ተዋደው ተጋቡ። ጅጅጋን የሚያውቅ ሰው በዚህ አይደነቅም።

ልጅቷ ካሣ አልጠየቀችም፤ ጡረታም አልጠየቀችም። የጠየቀችው አያቴ በየትኛው መድፈኛ ሻለቃ ነበሩ፣ የት ወደቁ፣ መቼ የሚል ነው። አንድ ቢሮ ሄደች፤ «ያ እኮ የድሮው ሠራዊት ነው» አሏት። ሌላ ቢሮ ሄደች፤ የልጅ ልጅ መሆንሽን የሚያረጋግጥ ማስረጃ ከቀበሌ አምጪ ተባለች። ቀበሌው በበኩሉ ሰውዬው ወታደር እንደነበሩና እንደሞቱ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሠሩበት መሥሪያ ቤት ካልመጣ አልጽፍም አላት። ማስረጃ ለማግኘት ማስረጃ፣ ያን ለማግኘት ደግሞ የመጀመሪያው ማስረጃ! እንዲህ ያለውን ነገር ማን እንዳስተማረን አላውቅም፤ ተምረነው ግን ተክነንበታል።

«የድሮው ሠራዊት» የሚለውን መልስ እንየው። በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ። ጅጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ወደቀች። የካቲት 26 ቀን 1970 የኢትዮጵያና የኩባ ጦር መልሶ ያዛት። እኚህ መድፈኛ ታዲያ የማን ወታደር ነበሩ? ሲቀጠሩ የጃንሆይ፣ ሲዋጉ የደርግ፣ ከሞቱ በኋላ ደግሞ የማንም። በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ሰው «የደርግ ወታደር» የሚል ስም ተለጥፎበት ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ ቤት ያልነበረው ወደ ጎዳና። በሕይወት ያለው ቢያንስ ቆሞ ይከራከራል። ከ13 ዓመት በፊት ካራማራ ሥር የወደቀው ግን ምን ብሎ ይከራከር? እሱም በሌለበት ተሰናበተ።

ምስጢር ነው የሚሉም አይጠፉም። የማን ምስጢር? መሣሪያውን የላከችው ሶቪየት ኅብረት ፈርሳለች። የኩባን ጦር የመራው ጄኔራል ኦቾአ እ.ኤ.አ. በ1989 በገዛ አገሩ ተረሽኗል። የሲያድ ባሬ መንግሥት በጥር 1983 ወድቋል፤ የኛው ሊቀ መንበር ከአራት ወር በኋላ ዚምባብዌ ገብተዋል። ምስጢሩን የሚጠብቅለት ባለቤት ያጣ ምስጢር ነው። በዚያ ላይ ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው የደነገገ አዋጅ ቁጥር 590/2000 የሚባል ሕግ አለን። ደኅንነትን የሚነካ ሲሆን ይከለከላል ይላል፤ እሺ፣ ይከልከል። ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠጋው የአንድ መድፈኛ ስምና የሞተበት ቀን የማንን ደኅንነት ይነካል?

ሦስተኛው መልስ «ጠፍቷል» ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ስለ መድፍ የማያውቅ ሰው መድፈኛ ማለት ገመድ የሚስብ ጉልበተኛ ይመስለዋል። መድፍ ያለ ወረቀት አይተኮስም። ዒላማውን አይቶ በሬዲዮ የሚናገር አለ፤ የሰማውን ጽፎ ርቀትና አቅጣጫ ከሠንጠረዥ የሚያሰላ አለ፤ እያንዳንዱ ጥይት ከግምጃ ቤት ሲወጣ የሚፈርም አለ። መድፉ ራሱ ቁጥር አለው፤ በየመድፉ የተመደበው ሰው ይታወቃል። በ1970 የሶቪየት ዲ-30 እና ቢኤም-21 ሲመጡ ደግሞ በጥድፊያ ሥልጠና ተሰጠ፤ ሠልጣኝ ባለበት የሠልጣኝ ስም ዝርዝር አለ። ደመወዝ ሲከፈል ይፈረማል። የቆሰለ ሆስፒታል ሲገባ ይመዘገባል። እግረኛው ጠፋ ቢሉኝ፣ በተለይ ከታጠቅ ጦር ሰፈር በጥድፊያ ሠልጥኖ የዘመተው ሚሊሻ፣ ግማሹን አምናለሁ። መድፈኛው ግን ከየወታደሩ ሁሉ ብዙ ወረቀት ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ነው።

ደርግ ደግሞ ወረቀት የሚጥል መንግሥት አልነበረም። ልዩ ዐቃቤ ሕግ በ1987 የደርግ ባለሥልጣናትን ለፍርድ ሲያቀርብ ዋናው ምስክር የራሳቸው ሰነድ ነበር፤ የግድያ ትዕዛዝ ሳይቀር ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በፋይል ተቀምጦ ተገኘ። መንግሥት ሊከስ ሲፈልግ መዝገቡ ተገኘ። የልጅ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ጠፋ። ገብሩ ታረቀም ጥናታቸውን የሠሩት የመከላከያ ሚኒስቴርን ሰነዶች አገላብጠው ነው። ለተመራማሪ የተከፈተ በር ለባለ ደሙ ለምን ይዘጋል?

እሺ፣ ከፊሉ በእርግጥ ጠፍቷል እንበል። እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት የግል ማኅደር ጠፋ። «ተቃጥሏል፣ ሂዱ» አላሉም። ከደመወዝ መክፈያ፣ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ከተረፈው ወረቀት እየለቀሙ የአንድን ሰው አገልግሎት እንደገና ይሰበስባሉ። በ1860ዎቹ በራሳቸው የእርስ በርስ ጦርነት መድፍ የጎተተ ሰው ዘሮች ዛሬም ስሙንና የነበረበትን ክፍል ያገኛሉ። የአሸናፊው ወገንም የተሸናፊውም መዝገብ በአንድ ቤተ መዛግብት ነው የተቀመጠው።

ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ኩባ ሀብታም ናት? በዚህ ጦርነት 163 ሰው እንደሞተባት ይነገራል። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልት ዘንድ የወደቁት ኩባውያን ምስል ተቀርጾላቸዋል። በ1982 ደግሞ ኩባ አንጎላና ኢትዮጵያን ጨምሮ በባሕር ማዶ የወደቁ ልጆቿን አፅም አስመጥታ በየትውልድ ከተማቸው ቀበረች። በዚያ ሐውልት ሥር በየዓመቱ የካቲት 26 የአበባ ጉንጉን እናስቀምጣለን፣ ዲስኩር እናደርጋለን። ከሃቫና የመጣው ሰው መልክ አለው። ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከሐረርጌ የሄደው «ጀግናው ሠራዊታችን» ነው።

ይባስ ብሎ ራሱ ተራራው ይመሰክርብናል። እንግሊዞች ማርዳ ይሉት በነበረው በዚሁ በካራማራ ማለፊያ በመጋቢት 1933 የናይጄሪያ እግረኛ በደቡብ አፍሪካ መድፈኞች ታግዞ ከጣልያን ጋር ተዋግቷል። በምሥራቁ ዘመቻ ለወደቁ የኮመንዌልዝ ወታደሮች ሐረር ውስጥ ዛሬም የሚጠበቅ መካነ መቃብር አላቸው፤ ስማቸው፣ ክፍላቸው፣ የሞቱበት ቀን በድንጋይ ላይ። ከ37 ዓመት በኋላ እዚያው ተራራ ላይ የተዋጋው የአገሩ ልጅ ግን የልጅ ልጁ ፎቶግራፍ ይዛ ትንከራተትለታለች።

ስለ ሌላኛው አያትስ? መጻሕፍት የኦጋዴን ጦርነትን የሁለት መንግሥታት ጦርነት ይሉታል፤ ትክክል ነው። ለጅጅጋ፣ ለቀብሪበያህ፣ ለአውበሬ ግን የእርስ በርስም ነበር፤ ከግንባሩ ጋር የተሰለፈው ጎረቤት ነዋ። ገብሩ ከሶማሊያ ወገን የሞቱትን 6,453 ይላሉ፤ የግንባሩ ተዋጊ ግን የማንም መንግሥት ደመወዝ ተከፋይ አልነበረምና ፈልጎ የሚገኝበት መዝገብ እንኳ የለውም። የሞቃዲሾው መንግሥት ከነመሥሪያ ቤቶቹ ፈረሰ። ከዚያ በፊት ያው ጦር መድፉን አዙሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳን ሲደበድብ ስደተኛው ጅጅጋ አጠገብ ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ፤ ቤቱን ጥሎ የሸሸ ሰው ወረቀት ይዞ አልመጣም። የሶማሌ ልጅ አብቲርሲውን አሥርና አሥራ አምስት ትውልድ በቃሉ ይወርድልሃል፤ እኛ ሰባት ቤት እንደምንቆጥረው ማለት ነው። ያ ሁሉ የአያት ስም በቃል ተይዞ፣ የቅርቡ አያት የወደቀበት ቦታ ግን አይታወቅም።

«የጠላትን ስም ደግሞ ልንመዘግብ ነው?» የሚለኝ ካለ፣ አዎ። የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ ዛሬ ግብር የምትከፍለው ለዚህ መንግሥት ነው።

ቤት ውስጥ የቀረውም እያለቀ ነው። በሐምሌ 2010 መጨረሻ ጅጅጋ ውስጥ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ አብሮ የነደደውን አልበምና ወረቀት ማን ቆጠረው? በ1970 የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ መድፈኛ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ነው፣ ካልሞላው። ከ11 ዓመት እስር በኋላ በ1980 ከሶማሊያ የተመለሱት ምርኮኞች ቁጥራቸው ከ3,500 በላይ ነበር፤ ያንን ልውውጥ ያስፈጸመው የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጎበኛቸውን ምርኮኞች ስም መዝግቧል። የጅጅጋዋ ልጅ ለጄኔቭ ደብዳቤ ብትጽፍ ከአገሯ ቢሮዎች ቀድሞ መልስ ቢመጣላት አይገርመኝም።

6,133 ስም በአንድ ገጽ ስድሳ ስድሳ ቢታተም 103 ገጽ ነው። ከስልክ ማውጫ ይሳሳል። መከላከያ ያለውን ያውጣ፤ ወመዘክር ያስቀምጠው፤ የጎደለውን ከጡረታና ከደመወዝ መዝገብ ይሙሉት። ሌላውን፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረውን፣ ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎቹን መቅረጸ ድምፅ አስይዞ ሽማግሌዎች ሻይ ወደሚጠጡበት ይላክ። ከሁለቱም ወገን ያሉት ሽማግሌዎች አብረው ነው የሚቀመጡት፤ ተማሪዎቹ ሁለት ቦታ መሄድ አያስፈልጋቸውም።