ስልኩን ዘግተው ወሬውን ለቀቁብን

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወጣው አስፋልት መርሳን ካለፈ በኋላ ሲሪንቃን ሰንጥቆ ያልፋል። ሲሪንቃን በስም የሚያውቃት ሰው በአብዛኛው የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው፤ አቀንጭራን የሚቋቋም፣ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚደርስ የማሽላ ዘር ለማውጣት የሚደከምባት ቦታ ናት። ይህ ውግዘት የሚነገረው ከዚያ ነው። የሚወገዙትም ድምፃችንን የነጠቁንና በተነጠቀው ድምፃችን ቦታ ሌላ ድምፅ ያስገቡብን ናቸው።

በ2013 ክረምት ትግራይ ውስጥ የተጀመረው ጦርነት ከአላማጣ ወደ ቆቦ፣ ከቆቦ ወደ ወልድያ፣ ከዚያም ወደ ሲሪንቃና መርሳ ሲወርድ ስልኩም መብራቱም ጠፋ። ወልድያ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ቆየች። ሰው ተገደለ፣ ሴቶች ተደፈሩ፣ የወልድያ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታሉ ተዘረፉ። ይህን ያደረጉትን እናወግዛለን፤ የታጠቀ ሰው ባልታጠቀ ሰው ላይ ያደረገው ሁሉ በማንም ስም ቢደረግ የተወገዘ ነው። በነዚያ ወራት ታዲያ ስለ ሰሜን ወሎ በፌስቡክ ላይ የማይናገር አልነበረም፤ የማይናገረው የሰሜን ወሎ ሰው ብቻ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የቆቦ ሰው ስለ ቆቦ የሚባለውን ለመስማት የመጨረሻው ሆነ፤ ለመመለስማ ጭራሽ ዕድል አላገኘም።

በሐምሌ 2013 አንድ የፌስቡክ ተጠቃሚ በአማርኛ ጽሑፍ ለጠፈ። የሕወሓት ታጣቂዎች በራያ ቆቦና በሌሎች የአማራ ከተሞች ገደሉ፣ ደፈሩ፣ ዘረፉ፤ የትግራይ ተወላጅ የሆኑ ሰላማዊ ሰዎችም ተባበሯቸው የሚል ነበር። የኩባንያው የአማርኛ መለያ ሥርዓት ያዘው፤ አማርኛ የሚያነብ ሠራተኛ አይቶ አነሣው፤ ባለቤቱ ቅር ብሎት ሲያመለክት ሌላ ሠራተኛ ውሳኔውን አጸናው። ጉዳዩ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ራሱ ወዳቋቋመው ተቆጣጣሪ ቦርድ ሲደርስና ቦርዱ ሊያየው ሲመርጠው፣ ኩባንያው «ማንሣታችን ስሕተት ነበር» ብሎ ነሐሴ 21 ቀን ጽሑፉን መለሰው። ታኅሣሥ 5 ቀን 2014 ደግሞ ቦርዱ በተቃራኒው ወሰነ፤ መጀመሪያ መነሣቱ ልክ ነበር፣ እንዲህ በጋለ ግጭት ውስጥ ያልተረጋገጠ ወሬ ለከባድ እልቂት መንገድ ይጠርጋል አለ። አንድ ጽሑፍ ተነሣ፣ ተመለሰ፣ ዳግም እንዲነሣ ተፈረደበት። ይህ ሁሉ ከአራት ወር በላይ ፈጀ።

ቦርዱ በፍርዱ አልተሳሳተም። ማስረጃ ሳይዙ ጎረቤትን በዘሩ የገዳይ ተባባሪ ማለት የደም ጥሪ ነው። ራያ ውስጥ አማርኛና ትግርኛ በአንድ ገበያ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ጣሪያ ሥር ይነገራሉ፤ ያ ጽሑፍ ያነጣጠረው በዚያ ጣሪያ ላይ ነበር። አዛዦቹ በሠሩት ግፍ የጎረቤትን ልጅ የሚያስጠይቅ ሁሉ፣ የእኛን ቁስል እያሳየ ቢናገርም፣ የእኛ ጠበቃ አይደለም።

አሁን ጳጉሜን 4 ቀን 2013ን አስቡ። በዚያ ቀን ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ተረሸኑ። ሂውማን ራይትስ ዎች ምስክሮችን አነጋግሮ በአራት የተለያዩ ቦታዎች 23 ሰዎች መገደላቸውን ያሳወቀው ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ቦርዱ ውሳኔውን በሰጠበት ሰሞን ነው። ያልተጣራው ወሬ ሐምሌ ላይ ወዲያው ወጣ፤ የተጣራው ሞት ግን ከክረምት እስከ በጋ ድረስ በመንገድ ቆየ። ስልኩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ቆቦ ራሷ ትናገር ነበር። ሐምሌ ላይ ሐሰቱን ከእውነቱ ትለይ ነበር፤ ጳጉሜን ላይ ሬሳዋን ትቆጥር፣ ገዳዮቿን በስማቸው ትጠራ ነበር። ሁለቱንም የከለከላት ዝምታው ነው፤ በዚያ ዝምታ ላይ የነገደው ደግሞ ወሬውን የሚያባዛው መድረክ ነው።

ድሮ በአገራችን ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ሁሉም ይጠራል፤ ያወቀ ይናገራል፤ የሚናገረውም በእምነቱ መሐላ ነው። ሥርዓቱ የራሱ ክፋት ነበረው፤ ሰው ከእርሻው ተነጥሎ ቀናት ይቀመጥበት ነበር። ግን ክሱ እየተባዛ ለባለ ሜዳው ገንዘብ የሚያስገባበት አውጫጭኝ አልነበረም። ፌስቡክ ያመጣብን ይህን ነው። ሰው የበለጠ ሲቆጣ፣ የበለጠ ሲጽፍ፣ የበለጠ ሲያጋራ ማስታወቂያው ይበዛል፤ ስለዚህ የሚያስቆጣው ነገር ወደ ላይ ይወጣል። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሐውገን መስከረም 25 ቀን 2014 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርባ የኢትዮጵያን ስም ከምያንማር ጋር አንሥታ ተናግራለች። ሜታ አላውቅም ሊል አይችልም፤ የራሱ ሰው በአደባባይ ነግራዋለች። ይዛ በወጣቻቸው ሰነዶች መሠረት ኩባንያው የተሳሳተ መረጃን ለመለየት ከሚመድበው ሀብት 87 ከመቶው የሚውለው ለአሜሪካ ነበር። የተረፈውን 13 ከመቶ እኛን ጨምሮ የቀረው ዓለም ይካፈለው ነበር። አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛን ወደ ገበያው ሲያስገባ ያላመነታ ኩባንያ፣ በነዚሁ ቋንቋዎች የሚፈሰውን መርዝ ለማጣራት ግን እጁ አጠረ።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ የትግራይ ተወላጅ ናቸው። በ2014 መጀመሪያ ፎቶግራፋቸውና ስማቸው ከሐሰት ክስ ጋር በፌስቡክ ተበተነ። ቤተሰባቸው ለኩባንያው አመልክቶ እንዲነሣ ጠይቆ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን 2014 በራቸው ላይ ተተኩሶባቸው ተገደሉ። ይህ የሆነው ወልድያችንና መርሳችን በተያዙበት በዚያው ሰሞን ነው፤ ስለዚህም ቃሉ ከእኛ አፍ መውጣቱ ይገባል። የፕሮፌሰር መዓረግን ግድያ እናወግዛለን። በእኛ መከራ ስም የእሳቸውን ስም የጻፈውን፣ ያጋራውን፣ የተኮሰውን እናወግዛለን። በሰው ስም ላይ የተደገሰ ሞት ሲነገረው በጊዜው ያልሰማውንም ኩባንያ እናወግዛለን።

ልጃቸው ጉዳዩን ወደ ናይሮቢ ወሰደ። በታኅሣሥ 2015 ከሌላ ኢትዮጵያዊ የሰብዓዊ መብት ተመራማሪና ካቲባ ከተባለ የኬንያ ተቋም ጋር ሆኖ ሜታን በኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ለተጎጂዎች ከ1 ቢሊዮን ተኩል ዶላር በላይ ፈንድ እንዲቋቋም ጠየቁ። ሜታ በአሜሪካ የተቋቋምኩ ነኝና የኬንያ ችሎት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። የኛን ቋንቋ የሚያጣሩትን ሠራተኞች ናይሮቢ ላይ በተቋራጭ አስቀምጦ ሲያሠራ ኬንያ ሩቅ አልነበረችም፤ ልትጠይቀው ስትነሣ ግን ራቀች። በመጋቢት 2017 ችሎቱ ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። ደሙ በፈሰሰባት አገር ግን ይህን ኩባንያ ችሎት ያቆመ ሰው አናውቅም፤ ለዚህም ያሳፍረናል፤ የኢትዮጵያ ዳኛ ሊሰማው የሚገባ ጉዳይ ነበር።

ሕግ አጥተን አይደለም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ከ2012 ጀምሮ አለ። አንብቡት። ጥላቻ የሚያሰራጨውን ግለሰብ እስከ 2 ዓመት ያስራል፤ ንግግሩ ጥቃት ካስከተለ እስከ 5 ዓመት። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ኩባንያውስ? ሲነገረው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሣ ይጠበቅበታል፤ ካላነሣ የሚመጣበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ሪፖርት ነው። ለገጠር ወጣት እስር፣ ለካሊፎርኒያ ባለጸጋ ሪፖርት! የአንድን ሰው ተከታይ ቆጥሮ የሚቀጣ ሕግ፣ ያንን ተከታይ ሰብስቦ የሸጠለትን ማሽን ሳይነካ አልፏል። ይህን ሕግ ያረቀቁትንና ያጸደቁትን በዚህ ጉድለት እንወቅሳቸዋለን፤ ጉድለቱን እያዩ የግለሰብ ማሰሪያ ብቻ አድርገው የተጠቀሙበትን ደግሞ እናወግዛቸዋለን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን ከጦርነቱ የተማርነው ነገር ተገልብጦ መመለሱ ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በነዚያ ቀናት የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ። የዘጋውም ግብር የምንከፍለው መንግሥት ነው። ጥር 24 ቀን 2016 አዋጁ ለአራት ወር ተራዘመ፤ በግንቦት መጨረሻም አበቃ። ኢንተርኔቱ ግን ወዲያው አልተመለሰም፤ ሲመለስም በከፊል፣ ከተማ እየመረጠ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት መብት ሰጥቷል። በአስቸኳይ ጊዜ ይህ መብት ሊገደብ እንደሚችል አንቀጽ 93 ይፈቅዳል እንበል፤ አዋጁ ካበቃ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ቀን ግን የሚጠቀስ አንቀጽ አምጡ።

በሲሪንቃ ኢንተርኔት መዘጋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ እንናገር። ከዚህ አካባቢ ስንት ሴቶች ልጆች ሳዑዲ ናቸው! እናት ልጇን የምታየው በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ነው፤ ፊቷ ከሳ ወይ፣ ዐይኗ አበጠ ወይ፣ አሠሪዋ መታቻት ወይ የሚለውን የምታጣራው በዚያ መስኮት ነው። መስኮቱ ሲዘጋ ልጅቱ «ደኅና ነኝ» ያለችውን አምኖ ከመቀመጥ በቀር ሌላ የለም። ጦርነቱ ያልማረው የምርምር ማዕከል ውስጥ የዘር ተመራማሪ ከሌላው ዓለም ጋር ውጤቱን ሳያነጻጽር ይከርማል። የመርሳ ነጋዴ የደሴንና የአዲስ አበባን ዋጋ ሳያውቅ ይሸጣል። የወልድያ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ለመሥራት ከክልሉ ወጥቶ ይሄዳል።

ይህም ከሞት ጋር ሲተያይ ቀላሉ ነው። ጥር 20 ቀን 2016 በአማራ ክልል በመርዓዊ ከተማ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 45 ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን ያሳወቀው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ቆቦ ላይ ያየነው መዘግየት መርዓዊ ላይ ተደገመ፤ ገዳዩ ተለወጠ እንጂ የተዘጋው ስልክ ያው ነው። ስልክ መዝጋት ወሬን ያቆማል የሚሉን አሉ። በየትኛው ቀን? መርዓዊ ሳትናገር ስለ መርዓዊ በየቦታው ሲነገር ነበር፤ ከውጭ አገር ሆኖ በአማርኛ ቪዲዮ ደም እየቸረቸረ በእያንዳንዱ እይታ የሚከፈለው ሰው ገበያው አልተዘጋበትም። የተዘጋው ሊያርመው የሚችለው፣ በቦታው የነበረው ሰው ብቻ ነው። በወገን ሬሳ ላይ «ሰብስክራይብ አድርጉ» የሚሉትንም ከዚሁ ጋር እናወግዛለን፤ በዋሽንግተንም ይኑሩ በአዲስ አበባ፣ የየትኛውም ብሔር ይሁኑ።

በትግራይ ከሁለት ዓመት በላይ የተደረገውን መዝጋት፣ በምዕራብ ኦሮሚያ በ2012 የተደረገውን፣ ከድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ በመላ አገሪቱ የተደረገውን አብረን እናወግዛለን። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲያጨበጭብ መዝጋቱ ልማድ ሆነ።

ኢትዮ ቴሌኮም በአብዛኛው የመንግሥት ነው፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ደግሞ ያቋቋመው ጥምረት ለፈቃዱ 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎለት በ2015 መጀመሪያ ሥራ የጀመረ የውጭ ኩባንያ ነው። ሁለቱም ከእኛ ኪስ ይሰበስባሉ። ስለዚህ ሁለቱንም፣ የሚያዛቸውንም የመንግሥት አካል፣ ሜታንም እንጠይቃለን። ሜታ የራሱ ቦርድ በታኅሣሥ 2014 የጠየቀውን፣ መድረኮቹ በኢትዮጵያ ጥላቻን ለማሰራጨት እንዴት እንዳገለገሉ የሚመረምር ነጻ ጥናት በአማርኛ፣ በትግርኛና በኦሮምኛ ለተጎጂዎች ያድርስ። የቆቦ፣ የወልድያ፣ የሲሪንቃና የመርሳ ሰዎች ቃል በዚያ ይጻፍ። ቴሌኮሞቹም ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በአማራ ክልል ኢንተርኔት እንዲዘጋ የተሰጣቸውን እያንዳንዱን ትእዛዝ ያውጡ፦ የተሰጠበትን ቀን፣ የፈረመውን ባለሥልጣን ስም፣ የጠቀሰውን ሕግና የተዘጉትን ወረዳዎች ዝርዝር።