በሳምንት ሁለት ሰዓት ለእነዚህ ልጆች

ኢስሊ ውስጥ የምንነግድ ሁሉ እናውቃቸዋለን። ጠዋት እኩዮቻቸው ዩኒፎርም ለብሰው ሲሄዱ እነሱ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ያያሉ። ዕድሜያቸው 15፣ 16 ነው። አገር ቤት ሰባተኛ፣ ስምንተኛ ክፍል ደርሰው ነበር። ኬንያ ግን ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ስዋሂሊም አለበት። ሂሳብ የሚችለው ልጅ ጥያቄው ስላልገባው ብቻ ከሕፃናት ጋር ይቀመጣል። ጥቂት ወር ይታገሥና አፍሮ ይወጣል።

አምና ከእነሱ አንዱ ሱቄ ዕቃ ሊያወርድ መጣ። የደረሰኙን ድምር ከእኔ ቀድሞ በቃሉ ሠራው። ከድምሩ በታች የተጻፈችውን አንዲት መስመር ግን ፊደል ቆጠረ እንጂ አልገባውም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት ከእሱና ከአራት ጓደኞቹ ጋር ሱቁ ጓሮ እንቀመጣለን። መጽሐፋችን ደረሰኝ፣ የኤም-ፔሳ መልእክትና የመድኃኒት ካርቶን ነው።

«እንግሊዝኛ ምን ያደርግላቸዋል? ንግድ ይማሩ» የምትሉ አላችሁ። የሱቅ ኪራይ ውል የምንፈርመው በምን ቋንቋ ነው? ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ስደተኛ ሠርቶ እንዲያድር በር ከፍቷል። ፎርሙን ማንበብ ለማይችል ልጅ ግን በሩ እንደተዘጋ ነው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

«የእኔም እንግሊዝኛ የተሰባበረ ነው» የሚልም አለ። የእኔም ነው። ነገር ግን ልጁ ግሱን መጨረሻ ላይ ሲያስቀምጥ ለምን እንደሆነ እናውቃለን፤ አማርኛችን እንደዚያ ስለሆነ። እዚያው ተደናቅፈን ያለፍን ሰዎች ነን። ለፈተናው ሰዋስው ደግሞ እዚህ ተወልደው እዚህ የተማሩ ልጆቻችን አሉ። እነሱ እንግሊዝኛ ይስጡ፣ አማርኛ ይቀበሉ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁለት እሑድ መጥቶ የሚጠፋ ሰው ባይመጣ ይሻላል። እነዚህ ልጆች «እመለሳለሁ» ብሎ የቀረ ሰው በቅቷቸዋል። ሞያሌ የምትመላለሱ፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተራ ያዙ፤ አንዱ መንገድ ሲወጣ ሌላው ይገኝ። ለዕቁብ ቀን ቀርተን እናውቃለን እንዴ?

የእኔን ጉድለትም ልናገር። ከአምስቱ አንዲት ሴት የለችም። እናቶቻቸው ሴት ልጅ ወንድ ነጋዴ ጓሮ አይልኩም፤ እውነታቸውን ነው። ከቡና በኋላ ቤታችሁ ሁለት ሰዓት የምትሰጡ እህቶች ካልመጣችሁ፣ ሴቶቹ ልጆች ታናናሾቻቸውን እንደያዙ ይቀራሉ።

የኬንያ ትምህርት ቤቶች ጃንዋሪ ላይ አዲስ ዓመት ይጀምራሉ። እስከዚያ ያሉት እሑዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከሱቃችሁ ደጃፍ የቆመውን ልጅ ዛሬ ስሙን ጠይቁት፤ ከዚያ የትኛው ሰዓት እንደሚመቸው።